ዘግይቶ የሚሞቅ፣ ዘግይቶ የሚቀዘቅዝ፦ የኤሌክትሪክ ምድጃ አጠቃቀም መመሪያ

ከከሰል ወይም ከቡታጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የተሻገረ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅሬታዎች ያሰማል። አንደኛው «ቶሎ አይሞቅም» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ቆጣሪ ይበላል» የሚል። ሁለቱም ከአንድ ጠባይ የሚመነጩ ናቸው። ክብ ብረት ያለው ምድጃ ሙቀቱን መጀመሪያ ለራሱ ይሰበስባል፤ ለድስቱ የሚያካፍለው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጠፋም የሰበሰበውን ወዲያው አይለቅም። ነበልባል የለውም፣ ፍም አይታይበትም፣ አይጨስም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ሲመጣም ሲሄድም ዓይን አያየውም። ይህን ጠባይ ያወቀ ሰው ያንኑ ወጥ ባነሰ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ እጁንም ልጁንም ከቃጠሎ ይጠብቃል። ያላወቀው መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ቁጥር አዙሮ ይጠብቃል፤ ወጡ ሲያርርበት ያጠፋዋል፤ በብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ግን ምንም ሳያበስል ይባክናል።

ከዚህ በታች ያለው ምክር በይበልጥ በከተማ ቤቶቻችን የተለመዱትን ባለ አንድና ባለ ሁለት ምድጃ ስቶቮች የሚመለከት ነው።

የያዛችሁትን ምድጃ እወቁ

ሁሉም «የኤሌክትሪክ ምድጃ» ይባል እንጂ አደጋውም አያያዙም እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

ክፍት ሽቦ ያለው፦ በሸክላ ገላ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ የሚተኛበት ርካሽ ምድጃ ነው። ሽቦው ሲቀላ ይታያል፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈውም በዚሁ ምንም ሽፋን በሌለው ሽቦ ላይ ነው። ወጥ ገንፍሎ ከፈሰሰበት ወይም ብረት ከነካው ኤሌክትሪኩ ወደ ድስቱ፣ ከድስቱም ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል። ሽቦው ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው። በየጊዜው ሲቀጠል ግን እያጠረ ይሄዳል፤ ባጠረ ቁጥር ከበፊቱ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ የግድግዳውን መስመርም ያግላል። አቅም በተገኘ ጊዜ ከቤት ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ይህ ምድጃ ነው ብዬ አምናለሁ። እስኪለወጥ ድረስ ድስት ከመጣዳችሁና ከማውረዳችሁ በፊት ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ማማሰያችሁም ደረቅ እንጨት ይሁን።

ክብ ብረት ያለው፦ ማሞቂያው ሽቦ ከብረቱ ሥር ተቀብሮ ስለሚገኝ ከእጅና ከፈሳሽ የተጠበቀ ነው። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ቤት የሚስማማው ይህ ነው። መካከሉ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት ብረት ካያችሁ በፍጥነት የሚሞቅና ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን የሚቆጣጠር ዓይነት መሆኑን ያሳያል። ትንሹ ብረት አብዛኛውን ጊዜ 14.5 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ጉልበታቸውም ከ1000 እስከ 2000 ዋት ይደርሳል።

የመስታወት ገጽታ ያለው፦ ከሥሩ የሚቀላ ሽቦ አለው፤ ከብረቱ ፈጥኖ ይሞቃል። መስታወቱ ግን ድስት ሲወድቅበት ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ መስታወት ላይ ማብሰል የለባችሁም፤ ፈሳሽ በስንጥቁ ገብቶ ኤሌክትሪክ ያለበትን ክፍል ሊነካ ይችላል።

በማግኔት ኃይል የሚሠራው ኢንዳክሽን ምድጃ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። የሚያሞቀው ራሱን ድስቱን ስለሆነ ሙቀት አያባክንም፤ ዘግይቶ የመሞቅ ጠባይም የለውም። ነገር ግን በአልሙኒየም ድስት፣ በሸክላ ድስትና በጀበና አይሠራም። ድስታችሁ ይስማማው እንደሆነ ለማወቅ ማግኔት ከድስቱ ቂጥ ላይ አስጠጉ፤ አጥብቆ ከያዘ ይሠራል። የልብ ሕመም መሣሪያ በደረታቸው የተተከለላቸው ሰዎች ይህን ምድጃ ከመጠቀማቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ከምድጃው በፊት መስመሩን መርምሩ

ብዙ ሰው ምድጃ ሲገዛ የሚያየው ምድጃውን ብቻ ነው። አደጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከምድጃው ጀርባ ካለው ሶኬት፣ ከማከፋፈያውና በግድግዳ ውስጥ ከተቀበረው ሽቦ ነው። ስለዚህ ከወጡ በፊት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል።

በአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። በምድጃው ሥር ወይም ጀርባ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የሚገኘውን ዋት ለ220 ስታካፍሉ ምድጃው የሚስበውን አምፔር ታገኛላችሁ። 1500 ዋት ምድጃ 7 አምፔር ገደማ፣ 2000 ዋት ምድጃ 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለቱ ምድጃዎች አብረው ሲበሩ 16 አምፔር ይሆናል፤ ይህም ጥሩ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋትና ከዚያም በላይ ሊሆን ስለሚችል እሱም እዚያው ልክ ላይ ይደርሳል ወይም ያልፈዋል። እንግዲህ ምጣዱና ስቶቩ በአንድ መስመር ላይ ተሰክተው አብረው ሲሠሩ ሽቦው ከአቅሙ እጥፍ ሊሸከም ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ወጥ አትሥሩ፤ የግድ ከሆነ ለምጣዱ ከቆጣሪው የሚነሣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር በባለሙያ አሠሩለት።

ከዚያ ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ፦

1. ምድጃውን በቀጥታ በግድግዳ ሶኬት ላይ ሰኩ። ቀጭን ገመድ ያላቸው ማከፋፈያዎች ለስልክ መሙያና ለቴሌቪዥን እንጂ ለምድጃ አልተሠሩም። ገመዱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለማያገኝ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

2. የመሰኪያውን እግሮችና ጎን ተመልከቱ። መሰኪያው በጎኑ የብረት ማስነኪያ ወይም ሦስተኛ እግር ካለው ያ የመሬት ሽቦ ነው። ምድጃው ውስጡ ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ በእናንተ አልፎ ሳይሆን በዚያ ሽቦ ወደ መሬት እንዲወርድ የተደረገ ነው። ሶኬቱ አልገባ ስላለ ሦስተኛውን እግር መቁረጥ ወይም በባለ ሁለት እግር መሰኪያ መቀየር ያንን መከላከያ መጣል ነው። የሚቀየረው ሶኬቱ ነው።

3. ምድጃውን ለ20 ደቂቃ ካበራችሁ በኋላ መቆጣጠሪያውን ወደ ዜሮ መልሱና መሰኪያውን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የሚያስነሣ ከሆነ፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ሶኬቱ ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጭን ነው። ባለሙያ ሳያየው ደግማችሁ አትሰኩ።

4. ብሬከር በተደጋጋሚ ከወረደ «ደካማ ነው» ብላችሁ በትልቅ አትቀይሩት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ብቻ ከፍ ካለ ቀጥሎ የሚግለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል፤ ያኔ ማንም አያየውም። በተነፋ ፊውዝ ምትክ ተራ ሽቦ ማሰር ደግሞ ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት ስትጠሩ አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁት፦ ኤሌክትሪክ በሰው አካል ወይም በእርጥበት በኩል ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ እንዲያስገባላችሁ። ተራው ብሬከር ሰው ሲያዝ አያውቅም፤ የሚወርደው መስመሩ ሲጨናነቅ ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ነው።

የት ይቀመጥ?

ወለል ላይ አይሁን። ዳዴ የሚል ልጅ፣ የቀሚስ ጠርዝ፣ የነጠላ ጥለት፣ ሲጠረግ የሚረጭ ውኃ ሁሉ ያገኘዋል። ወገብ ድረስ ከፍ ያለ፣ የማይነቃነቅ፣ በሴራሚክ ወይም በድንጋይ የተሸፈነ ጠረጴዛ ይመረጣል። የፕላስቲክ ጠረጴዛና የፕላስቲክ ምንጣፍ ከሥሩ አይኑሩ። ከመጋረጃ አርቁት፤ ከውኃ ቧንቧም ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። የቡታጋዝ ሲሊንደር ባለበት ጥግ የኤሌክትሪክ ምድጃ አይበራም። የምድጃው ገመድ በጋለው ብረት ላይ እንዳያልፍ ወደ ኋላ መልሱት፤ የድስቱን እጀታም ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው አዙሩ።

ምድጃው አዲስ ከሆነ፣ ክቡ ብረት ከዝገት እንዲጠበቅ የተቀባው ሽፋን አለው። መስኮት ከፍታችሁ ድስት ሳትጥዱበት ለ5 ደቂቃ ያህል በመካከለኛ ሙቀት አብሩት። ይጨሳል፣ ይሸታል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አበሳሰል

መቆጣጠሪያው የሚሠራበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። በትልልቆቹ ስቶቮች ላይ ከ0 እስከ 6 የተጻፈው ቁጥር የሙቀት ደረጃ ነው። ከብረቱ ሥር ሦስት ማሞቂያ ሽቦዎች አሉ፤ ቁጥሩን ስታዞሩ ሽቦዎቹ በተለያየ መልክ ይቀናጃሉ፤ ዝቅተኛው ደረጃ ከከፍተኛው አንድ አሥረኛ ያህል ነው የሚስበው። በትንንሾቹ ተንቀሳቃሽ ስቶቮች ላይ ግን ቁጥሩ የሚወስነው ብረቱ እስከ ስንት ዲግሪ ይሙቅ የሚለውን ነው። ያ ልክ ሲደርስ በምድጃው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ትጠፋለች፣ ሲቀንስ እንደገና ትበራለች። «መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ተበላሸ» ብሎ ወደ ጠጋኝ መውሰድ አያስፈልግም። መብራቱ ጠፋ ማለትም ብረቱ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም፤ እጅ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

የድስቱ ቂጥ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ሙቀት ከብረት ወደ ድስት የሚያልፈው በመነካካት ነው፤ በመካከሉ የገባ አየር ሙቀቱን ያግደዋል። ብዙ ዓመት የሠራ ቀጭን የአልሙኒየም ድስት ቂጡ ይጎብጣል። በጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በጣታችሁ ስትነኩት ከዞረ ወይም ከተወዛወዘ ለቡታጋዝ አቆዩት። ስፋቱም ከብረቱ ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ የሚበልጥ ይሁን። ትንሽ ድስት በትልቁ ብረት ላይ ሲጣድ በዙሪያው የቀረው ብረት የሚያሞቀው የኩሽናውን አየር ነው፤ የድስቱንም እጀታ ያቃጥላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከሁሉም የበለጠ ኤሌክትሪክ የሚቆጥበው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ ምድጃውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታስነሡት ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ምስሩ ቶሎ አይበስልም፤ የሚጨምረው የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውኃን ከቧንቧው ቅዝቃዜ እስከ ፍላት ለማድረስ ከሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ይልቅ የፈላውን ውኃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ከሰባት እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ያለ ክዳን የሚንተከተክ ድስት ቆጣሪውን የሚበላው ለወጡ ብሎ ሳይሆን ለእንፋሎቱ ነው። መንገዱም ይህ ነው፦ በከፍተኛው አስጀምሩ፣ ክደኑት፣ ሊፈላ ሲል ወደ 2 ወይም 3 አውርዱት። እዚህ ላይ ምድጃው ዘግይቶ እንደሚቀዘቅዝ አስቡ፤ ፍላቱን አይታችሁ ካወረዳችሁ ወጡ ይገነፍላል፤ ስለዚህ ፍላቱን ሳትጠብቁ ጥቂት ቀደም ብላችሁ አውርዱት።

በከፍታችን ምክንያት ሽንብራ፣ ባቄላ፣ አተር ክክና ሥጋ ለመብሰል ከቆላ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። ሽንብራና ባቄላን ማታ ዘፍዝፋችሁ ማሳደር ምንም አያስወጣም። ለእነዚህ በእንፋሎት ግፊት የሚሠራው ድስት እውነተኛ መፍትሔ ነው፤ ውስጡ ያለው ግፊት የፍላቱን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው በሰዓታት የሚበስለው በደቂቃዎች ይበስላል። ይህን ድስት ስትጠቀሙ የእንፋሎት መውጫው በምስር ቅርፊት አለመደፈኑን አረጋግጡ፤ ግፊቱ ሳይወጣ በጉልበት አትክፈቱት።

ቁሌት ሌላ ነገር ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ውኃው እስኪመጠጥ ድረስ ክዳን ሳያሻው በመካከለኛ ሙቀት ረጅም ጊዜ ይቁላላ፤ እዚህ ላይ የክቡ ብረት ዝግተኝነት ጥቅም ነው፣ ከታች እኩል ስለሚያሞቅ ሽንኩርቱ በአንድ ጎን አያርርም። ሽንኩርት ሳይከተፍ ምድጃውን አታብሩ። ቅመሙ፣ ዘይቱ፣ ቂቤው፣ በርበሬው ሁሉ በአጠገባችሁ ከተዘጋጀ በኋላ ነው መቆጣጠሪያው የሚዞረው። በርበሬ ከመጨመራችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አንድ ደረጃ ቀንሱ፤ በርበሬ በጋለ ብረት ላይ ቶሎ ያርራል፣ ያረረ በርበሬ ደግሞ ወጡን ሁሉ ያመርረዋል።

ማብቂያው ላይ መቆጣጠሪያውን ቀድማችሁ ወደ ዜሮ መልሱ። ሽሮ ከሆነ ከማውረዳችሁ 5 ደቂቃ በፊት፣ ሩዝ ወይም ድንች ከሆነ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ቀድሞ ማጥፋት ይቻላል፤ ክዳኑን ሳትከፍቱ ተዉት። በብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ቀሪውን ይሠራል። የሸክላ ድስት ደግሞ ራሱም ሙቀት ስለሚይዝ ከዚያም ቀደም ብላችሁ አጥፉ፤ ሽሮው ገበታ ላይ ቀርቦ እንኳ ይንተከተካል። ለምጣድም ይኸው ይሠራል፦ የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱ ጠፍቶ በቀረው ሙቀት ጋግሯቸው። ወጥ ከወረደ በኋላ በቀረው ሙቀት የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ጣዱ።

ለቡና፦ የጀበና ቂጥ ክብ ስለሆነ በጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚነካው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ይባክናል፣ ጀበናውም በአንድ ነጥብ ስለሚግል ሊሰነጠቅ ይችላል። ውኃውን በጠፍጣፋ ማንቆርቆሪያ ወይም በኤሌክትሪክ ማፍያ አፍልታችሁ በለብታ ውኃ ቀድማችሁ ባሞቃችሁት ጀበና ውስጥ ገልብጡና በዝቅተኛ ደረጃ አስጨርሱት። ባዶ ጀበና በጋለ ብረት ላይ፣ ቀዝቃዛ ውኃም በጋለ ጀበና ውስጥ አይደረግም።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። 1500 ዋት ምድጃ በሙሉ ጉልበቱ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ቀድሞ በማጥፋት፣ በክዳንና በመዘፍዘፍ በቀን ግማሽ ሰዓት ብታተርፉ በወር ከ22 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ቀነሳችሁ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እንዲጨምር ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ከፍ ካለው እርከን ወደ ዝቅተኛው መውረድ በካርድ መሙያ ገንዘብ ላይ ይታያል።

ኃይል ሲቀንስና መብራት ሲጠፋ

በበዓል ዋዜማ መንደሩ ሁሉ ዶሮ ሲሠራ አምፖሉ የሚደበዝዘው ቮልቴጁ ስለሚወርድ ነው። የምድጃ ጉልበት ከቮልቴጁ ፈጥኖ ይወርዳል፤ 220 የነበረው 180 ሲሆን ምድጃው ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። «ምድጃው ደከመ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው፤ የገናና የፋሲካ ቁሌት ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ማለዳ ቢጀመር ያለ ጭንቀት ያልቃል።

መብራት ሲጠፋ የሚፈጠረው አደጋ ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራውም ይህንን ነው። ወጥ ተጥዶ ሳለ መብራት ይጠፋል። የቤቱ ሰው ትንሽ ይጠብቅና ወደ ጎረቤት ወይም ወደ መኝታ ይሄዳል። መቆጣጠሪያው ግን 5 ላይ ነው። ብረቱም ቀዝቅዟል፣ ምንም ምልክት አይሰጥም። ሌሊት መብራቱ ይመለሳል፤ ምድጃውም ማንም ሳያየው መጋል ይጀምራል፤ ወጡ ደርቆ ያርራል፣ አጠገቡ የተቀመጠ ጨርቅም ይቀጣጠላል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቅጽበት፣ ሻማ ከመፈለጋችሁም በፊት፣ መቆጣጠሪያውን ወደ ዜሮ መልሱና መሰኪያውን ንቀሉ። ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለቤት ሠራተኛም ለልጆችም ይህን አስለምዱ። ከቤት ስትወጡ የምድጃውን ብሬከር አውርዱ። መብራት መመለሱን ለማወቅ አንድ አምፖል በርቶ ይቆይ እንጂ ምድጃው ምልክት አይሁን። ሲመለስም ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ሰኩ፤ ኢንዳክሽን ምድጃ ላለው ይህ በተለይ ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ወደ ከሰል መመለስ ግድ ከሆነ ከሰሉ በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ይንደድ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በኮንዶሚኒየም ጠባብ ክፍል ውስጥ «ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» ማለት መከላከያ አይሆንም፤ ፍሙም ያወጣዋል። የኤሌክትሪኩ ምድጃ ይህ ጋዝ የለውም፤ ቢሆንም ክፍል ለማሞቅ ባዶውን አብርቶ መተኛት አይገባም።

አደጋ ሲደርስ

ዘይት እሳት ቢይዝ፦ ውኃ አታፍስሱ። ውኃው በጋለው ዘይት ሥር በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ወደ ፊትና ወደ ጣሪያ ይረጨዋል። ምድጃውን ከመቆጣጠሪያው ወይም ከብሬከሩ አጥፉ፣ ክዳኑን ከጎን አንሸራትታችሁ ክደኑት፣ ድስቱን ከቦታው አታንሡት፣ እስኪቀዘቅዝም አትክፈቱት። ካልተቻለ በሩን ዘግታችሁ ውጡ፤ አዲስ አበባ ላይ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። ዘይት መጨስ ከጀመረ እሳት ሊይዝ መቃረቡ ነውና ያኔውኑ አውርዱት።

ድስቱ ወይም ምድጃው ከነዘራችሁ፦ ትንሽ ንዝረት ነው ብላችሁ አትለፉት። የማሞቂያው ሽፋን ተሰንጥቋል ወይም የመሬት ሽቦው ተቋርጧል ማለት ነው። እርጥብ እጅና እርጥብ ወለል ሲጨመርበት ያው ንዝረት ይገድላል። ብሬከሩን አውርዳችሁ ንቀሉት፤ ሳይጠገን አይመለስ። ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ብታዩ በእጃችሁ አትንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ።

ቃጠሎ፦ የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያዙት። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ አውልቁ። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቂቤ አትቀቡበት፤ ሙቀቱን አፍነው ይይዙታል፣ ቁስሉንም ለመመርቀዝ ያጋልጡታል። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ፊት፣ እጅ፣ የመራቢያ አካል ከሆነ፣ ከእጅ መዳፍ የሚበልጥ ከሆነ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።

ጽዳትና ዕድሜው

መሰኪያውን ነቅላችሁ፣ ብረቱ ለብ እስኪል ጠብቃችሁ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ውኃ አታፍስሱበት፣ ስቶቩንም ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ከጠረጋችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ አብርታችሁ አድርቁት፤ አልፎ አልፎ ቀጭን ዘይት ቀቡት፣ ብረቱ አይዝግም። የመስታወት ምድጃ ላይ ስኳር ወይም ማር ከፈሰሰ ግን ይህ አይሠራም፤ ሲቀዘቅዝ መስታወቱን ይዞ ይነሣልና በጥንቃቄ ገና ሞቆ ሳለ መፋቅ አለበት።

በየወሩ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሱት፤ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ቦታ ካለው ይቀየር። መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ ሳለ ብረቱ የሚሞቅ ከሆነ፣ ብረቱ ከተሰነጠቀ ወይም ከሥሩ የብልጭታ ድምፅ ከተሰማ ምድጃው ለማንም አይሰጥ፣ አይሸጥም፤ ገመዱ ተቆርጦ ይጣል።